የፋይሉ ኪሎ ስንት ነው?

ዛሬ ይዤ የቀረብኩት ጉዳይ ሰው ተሰብስቦ የሚከራከርበት ትልቅ ርዕስ አይደለም። በየቀኑ ስለምናያት፣ ግን ቆም ብለን ስለማንጠይቃት አንዲት ቁጥር ነው። ፋይል ላይ ራይት ክሊክ አድርገን ፕሮፐርቲስ ስንል «መጠኑ ይህን ያህል ሜጋባይት ነው» የምትለን ቁጥር ማለቴ ነው። እኛም አሜን ብለን እንቀበላታለን። ለመሆኑ ሜጋባይት ስትል የትኛውን ሜጋባይት ማለቷ ነው? «ደግሞ ስንት ዓይነት ሜጋባይት አለና?» የሚል ካለ ይህ ጽሑፍ በተለይ ለእሱ ነው።

አንድ ፋይል፣ አምስት መልስ

እስቲ አንድ ፋይል እንውሰድ። ልክ 4,000,000,000 ባይት፣ ማለትም 4 ቢሊዮን ባይት ነው እንበል። ፊልም ሊሆን ይችላል፣ የሆነ ሶፍትዌር መጫኛም ሊሆን ይችላል። አንዲት ባይት ሳንጨምር ሳንቀንስ ይህንኑ ፋይል ከማሽን ማሽን እያዞርን እንየው።

ዊንዶውስ ላይ ፕሮፐርቲስ ስንል 3.72 ጊጋባይት ይላል። ማክ ላይ 4 ጊጋባይት ይላል። ሊነክስ ላይ ኖም የተባለውን ዴስክቶፕ የሚጠቀም ተማሪ እንደ ማኩ 4.0 ያያል፤ አጠገቡ የተቀመጠው፣ ኬዲኢ የጫነው ጓደኛው ደግሞ 3.7 ያያል። ተርሚናል የሚወደው ሦስተኛው ልጅ «ኤልኤስ» የሚለውን ትዕዛዝ ሰው በሚያነበው መልክ እንዲያሳየው አድርጎ ሲጽፍ 3.8 ያገኛል፤ ይህ ትዕዛዝ ሁልጊዜ ወደ ላይ ስለሚያጠጋጋ ነው።

ይባስ ብሎ ዊንዶውስ ከራሱ ጋርም የተስማማ አይመስልም። የፎልደሩን ዝርዝር ስንከፍት ይኸው ፋይል 3,906,250 ኪሎባይት ተብሎ ተጽፎ እናገኘዋለን። ጤነኛ ሰው ኮማዎቹን ቆጥሮ «እሺ፣ ወደ 3.9 ጊጋባይት ነው» ይላል። ፕሮፐርቲስ ሲከፍት ግን 3.72 ይጠብቀዋል። እንዴ! በአንድ ክሊክ መሀል ፋይሉ ከሳ እንዴ?

አልከሳም። ከእነዚህ ፕሮግራሞች አንዳቸውም ሂሳብ አልተሳሳቱም። ማክና ኖም በ1000 እያካፈሉ ይቆጥራሉ። ዊንዶውስ፣ ኬዲኢና ኤልኤስ በ1024 እያካፈሉ ይቆጥራሉ። ፋይሉ ያው ነው፤ የተለያየው የሚሰፈርበት ቁና ነው። ችግሩ ደግሞ ቁናው መለያየቱ ብቻ አይደለም፤ ሁለቱ ቁናዎች በአንድ ስም መጠራታቸው ነው።

ነገሩ ከየት መጣ?

ኪሎ ማለት ሺ ማለት ነው። ፈረንሳዮች የሜትሪክ ሥርዓታቸውን እ.ኤ.አ. በ1795 በሕግ ሲደነግጉ ጀምሮ ትርጉሙ ይኸው ነው። ኪሎ ግራም 1000 ግራም፣ ኪሎ ሜትር 1000 ሜትር ነው። ሽንኩርት የምትሸጠዋ እናት እንኳ አንድ ኪሎ ስትል ስንት ግራም እንደሆነ አትጠፋትም።

ኮምፒውተር ውስጥ ግን ሌላ ነገር ገጠመን። የሜሞሪ ቺፕ ውስጥ ያለ ቦታ የሚመረጠው በአድራሻ መስመሮች ነው። እያንዳንዱ መስመር 0 ወይም 1 ይሆናል። ስለዚህ 10 መስመር ያለው ቺፕ 2 ለ10 ጊዜ በራሱ ተባዝቶ 1024 ቦታ ይኖረዋል። 1000 ቦታ ያለው ቺፕ መሥራት 24 ቦታ በከንቱ ማባከን ነው። የቀደሙት ኢንጂነሮች ታዲያ 1024 ለ1000 ቅርብ ነው ብለው «ኪሎ» አሉት። አልፈርድባቸውም። ሜሞሪ 64 ኪሎባይት በነበረበት ዘመን 2.4 በመቶ ልዩነት የማንንም ቤት አያፈርስም ነበር።

ነገር ግን ይህች ልዩነት ባለችበት አትቆምም፤ ስሙ ባደገ ቁጥር አብራ ታድጋለች። በኪሎ ላይ 2.4 በመቶ የነበረችው በሜጋ ላይ 4.9 በመቶ፣ በጊጋ ላይ 7.4 በመቶ፣ በቴራ ላይ ወደ 10 በመቶ ትደርሳለች። ትናንት ፍርፋሪ የነበረች ዛሬ ከአሥር እንጀራ አንዱን ሆናለች ማለት ነው።

እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ከላይ ያልኩት የአድራሻ መስመር ምክንያት ለሜሞሪ ነው የሚሠራው። 8 ጊጋባይት ራም ሲባል በእርግጥም በ1024 የተቆጠረ 8 ነው። ሃርድ ዲስክ ግን እንዲህ ያለ ግዴታ የለበትም፤ አምራቹ የፈለገውን ያህል ሴክተር ሊደረድርበት ይችላል። የኔትወርክ ፍጥነትም እንደዚሁ በ1000 ነው የሚቆጠረው። 100 ሜጋቢት በሰከንድ ማለት 100,000,000 ቢት ነው፤ ማንም በ1024 አላባዛውም። ስለዚህ በአንድ ማሽን ውስጥ ራሙ በአንድ ቁና፣ ዲስኩ በሌላ ቁና፣ ኬብሉም እንደ ዲስኩ ይሰፈራሉ፤ ስማቸው ግን አንድ ነው።

የግራ መጋባቱን ዋንጫ የሚወስደው ግን ፍሎፒ ዲስክ ነው። ከእኛ መካከል በእጁ የነካው ጥቂት ቢሆንም «ሴቭ» የምትለዋን ምልክት ያላየ የለም። ያ «1.44 ሜጋባይት» የሚባለው ፍሎፒ የሚይዘው 1,474,560 ባይት ነው። በ1000 ብንቆጥረው 1.47 ይሆናል፣ በ1024 ብንቆጥረው 1.41 ገደማ ይሆናል። ታዲያ 1.44 ከየት መጣ? ቁጥሩ 1440 ሲባዛ በ1024 ነው፤ ከዚያ 1440ን ለ1000 አካፍለው 1.44 አሉት። ግማሹን በአንዱ ቁና፣ ግማሹን በሌላው ሰፍረው ሸጡልን። ዓለምም ተቀበለው።

ማነው የሸወደኝ?

ባለ 1 ቴራባይት ሃርድ ዲስክ ገዝቶ ዊንዶውስ ላይ የሰካ ሰው 931 ጊጋባይት ያያል። ባለ 64 ጊጋባይት ፍላሽ የገዛ ደግሞ 59.6 ገደማ ወይም ከዚያ ያነሰ ያያል። የመጀመሪያ ሐሳቡ ምንድነው? «ሸወዱኝ!» ነው። ነጋዴውን ይጠረጥራል፣ አምራቹን ይጠረጥራል። ነገር ግን አምራቹ በካርቶኑ ላይ የጻፈው 1 ቴራባይት በዓለም አቀፍ መለኪያ ትክክለኛ 1 ቴራባይት ነው፤ 1,000,000,000,000 ባይት። ቁናውን ሳይናገር የቀየረው የዴስክቶፑ ሶፍትዌር ነው። እሱን ግን ማንም አይጠረጥርም።

ነገሩ አሜሪካ ውስጥ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዷል። ዌስተርን ዲጂታል እ.ኤ.አ. በ2006፣ ሲጌት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2007 «የገዛነው ዲስክ ከተባለው ያነሰ ነው» ብለው በቡድን የከሰሷቸውን ገዢዎች በስምምነት ሸኝተዋል። ዛሬ በሃርድ ዲስክ ካርቶን ጀርባ በትንንሽ ፊደል «1 ጊጋባይት = 1 ቢሊዮን ባይት» ተብሎ የሚጻፈው በከንቱ አይደለም።

ለእኛ ገበያ ይህ ነገር ሌላም ጣጣ አለው። «ሁልጊዜ ትንሽ ይጎድላል፣ ምንም አይደለም» የሚል አባባል ከተለመደ፣ ገዢው የሚጎድለው ስንት መሆን እንዳለበት የሚያውቅበት መለኪያ አይኖረውም። ከ64 ውስጥ 4.4 መጉደሉ የቆጠራ ጉዳይ ነው፤ 10 ቢጎድል ግን መጠየቅ አለበት። በሌላ በኩል ደግሞ የውሸት ፍላሽ የሚሠሩ ሰዎች ቺፑ የፈለጉትን ቁጥር እንዲናገር ማድረግ ይችላሉ። ድፍን 64 የሚል የውሸት ፍላሽ 59.6 ከሚል እውነተኛ ይልቅ ለገዢው ታማኝ መስሎ ሊታይ ይችላል። መለኪያው ሲምታታ ሐቀኛው ሌባ፣ ሌባው ሐቀኛ ይመስላል።

«ኧረ ተራ ነገር ነው» ለምትሉኝ

ይህን ሐሳብ ለጓደኞቼ ሳነሳ የሚሰጡኝ መልስ አንድ ነው፤ «ምን ችግር አለው፣ ገደማው ከታወቀ ይበቃል» ይሉኛል። እኔ ደግሞ የማይበቃባቸውን ሦስት ቦታዎች ላንሳ።

አንደኛው የኦንላይን ማመልከቻ ነው። ፎርሙ «ከ5 ሜጋባይት የበለጠ ፋይል አይቀበልም» ይላል እንበል። ፎርሙን የሠራው ፕሮግራመር በኮዱ ውስጥ 5,000,000 ብሎ ጽፏል። አመልካቿ ዶክመንቷን ስካን አድርጋ 5,100,000 ባይት የሆነ ፋይል ይዛለች። ዊንዶውስ 4.86 ሜጋባይት ነው ይላታል። ስትልክ ግን «ፋይልዎ ከ5 ሜጋባይት ይበልጣል» የሚል ቀይ ጽሑፍ ይመጣል። 4.86 እንዴት ከ5 ይበልጣል? ደግማ ትሞክራለች፣ ብራውዘር ትቀይራለች፣ ኔትወርኩ ነው ትላለች። የማመልከቻው ቀን የሚያበቃው ዛሬ ማታ ከሆነና ኢንተርኔት ካፌው በደቂቃ የሚያስከፍል ከሆነ፣ ይህ ለእሷ «ተራ ነገር» ነው? ጥፋቷ ማሽኑ የነገራትን ማመኗ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ፍላሽ ላይ ያለው ገደብ ነው። ፋት 32 በተባለው ፎርማት የተዘጋጀ ፍላሽ «ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም» ሲባል ሁላችንም ሰምተናል። ትክክለኛው ገደብ 4,294,967,295 ባይት ነው። ማክ ላይ 4.2 ጊጋባይት ተብሎ የሚታይ ፋይል እዚህ ውስጥ በደንብ ይገባል። የተባለውን ብቻ የያዘ ሰው ግን 4.2 ከ4 ይበልጣል ብሎ ፋይሉን ሊቆራርጥ ይቀመጣል። ለምን? ሕጉ በአንድ ቁና፣ ስክሪኑ በሌላ ቁና ስለሚናገሩ።

ሦስተኛው ወደ ቤታችን የሚገባ ነው፤ ፈተና። «1 ጊጋባይት የሆነ ፋይል በ100 ሜጋቢት በሰከንድ መስመር ላይ ለመላክ ስንት ሰከንድ ይፈጃል?» የሚል ጥያቄ ቀረበ እንበል። በ1000 የቆጠረ ተማሪ 80 ሰከንድ ብሎ ይጽፋል። በ1024 የቆጠረው ደግሞ 85.9 ይላል። ሁለቱም ቢትን ከባይት ለይተዋል፣ ሁለቱም በ8 አባዝተዋል፣ ሁለቱም ትምህርቱን ያውቁታል። የመልስ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ግን አንዱ ብቻ ነው። ጥያቄው ቁናውን ካልተናገረ የምንፈተነው እውቀታችንን ነው ወይስ የመምህሩን ልማድ የመገመት ችሎታችንን?

መፍትሔውን እኛ እናውቀዋለን

አንዳንድ ጎበዝ ተማሪዎች «እውነተኛው የኮምፒውተር ሰው በ1024 ነው የሚቆጥረው፤ 1000 የነጋዴ ቁጥር ነው» ይላሉ። ሌሎች ደግሞ «1024 መቅረት አለበት» ይላሉ። እኔ ከሁለቱም ጎን አልቆምም። ራምን በ1024 መቁጠር ትክክል ነው፣ ዲስክን በ1000 መቁጠርም ትክክል ነው። የማልስማማው ሁለቱን በአንድ ስም ከመጥራት ጋር ብቻ ነው።

በዚህ ነገር ላይ ደግሞ እኛ ኢትዮጵያውያን ከማንም በላይ ልምድ አለን። ሁለት የዘመን አቆጣጠር ይዘን እንኖራለን። ሁለት የሰዓት አቆጣጠርም አለን። «በ3 ሰዓት እንገናኝ» ሲባል ነገሩ ካላማረን «በሀበሻ ነው በፈረንጅ?» ብለን እንጠይቃለን። ጽሑፍ ላይ ደግሞ «እ.ኤ.አ.» የምትል ምልክት አለችን። አንዱን አቆጣጠር አላጠፋንም፤ ምልክት አደረግንበት እንጂ።

ምልክቷ ምን ያህል እንደምትጠቅም ለማየት አሁን የምጽፈውን ዓረፍተ ነገር ተመልከቱ፤ «ለ1024 ቁጥር ልዩ ስም የወጣለት በ1998 ነው።» ይህን ብዬ ዝም ብል ምን ይፈጠራል? አንዱ አንባቢ «ሚሌኒየሙ ሊገባ 2 ዓመት ሲቀረው ነዋ» ይላል። ሌላውም «አዎ፣ ሚሌኒየሙ ሊገባ 2 ዓመት ሲቀረው» ብሎ ይስማማል። የተስማሙ መስሏቸው ስለ ሁለት የተለያዩ ሚሌኒየሞች እያወሩ ነው። በሜጋባይትም የሚደርስብን ልክ ይኸው ነው።

ስለዚህ በምልክቱ ልድገመው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1998 ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን በ1024 ለሚቆጠረው አዲስ ስሞች አጸደቀ። ኪቢባይት፣ ሜቢባይት፣ ጊቢባይት፣ ቴቢባይት ይባላሉ። ኪሎ፣ ሜጋና ጊጋ ደግሞ ወደ ጥንቱ 1000 ይመለሱ ተባለ። ሲጻፍ ልዩነቱ በሁለቱ የላቲን ፊደላት መሀል የምትገባ አንዲት «አይ» ብቻ ናት። ከላይ 3.7 ያሳየን ኬዲኢ ይህችን «አይ» ይጽፋል። ስለዚህ ቁጥሩ ከማክ ቢለይም አይዋሽም፤ በየትኛው ቁና እንደሰፈረ ነግሮናል።

«ጊቢባይት» የሚለው ስም እንደሚያስቅ አውቃለሁ። «ከስንተኛው ጊቢ ነው?» ብላችሁ እንደምትቀልዱም አውቃለሁ። ይሳቅ፤ ግን ሜጋባይት የሚለውም መጀመሪያ የሰማ ሰው ጆሮ ላይ እንግዳ ነበር። ስም የሚለመደው ሲጠቀሙበት ነው።

ሌሎች በበኩላቸው በሌላ መንገድ ሄደዋል። አፕል እ.ኤ.አ. በ2009 ስኖው ሌፐርድ በተባለው የማክ ሲስተም ፋይልና ዲስክን በ1000 መቁጠር ጀመረ። አንድሮይድም እ.ኤ.አ. በ2017 ከወጣው 8ኛው እትም ጀምሮ የፋይል መጠንን በ1000 ወደ መቁጠር ዞሯል። እነዚህ ስሙን ትተው ቁናውን አስተካከሉ፤ ኬዲኢ ቁናውን ትቶ ስሙን አስተካከለ። ሁለቱም መንገድ ያስኬዳል። ዊንዶውስ ግን እስከ ዛሬ በ1024 እየቆጠረ በ1000ው ስም ይጠራል። «ተጠቃሚው ለምዶታል፣ ቢቀየር ይደናገራል» የሚል ክርክር እሰማለሁ። ተጠቃሚው የለመደው ግን መደናገሩን ነው። በማክም በስልክም ሌላ ቁጥር እያየ ነውና ለውጡ ከመጣ ቆየ።

ታዲያ ምን እናድርግ?

ማይክሮሶፍትን ከዚህ ሆነን አናዝዘውም። የራሳችንን ቤት ግን ማስተካከል እንችላለን። ሐሳቤን ባጭሩ ላቅርብ።

ለመምህሮቻችን፣ በአክብሮት፦ በላብ ማኑዋልና በፈተና ወረቀት አናት ላይ አንዲት መስመር ትጻፍልን። «በዚህ ወረቀት 1 ጊጋባይት = 1,000,000,000 ባይት ነው» ወይም በተቃራኒው። የትኛውም ቢሆን እንቀበላለን፤ ብቻ ይነገረን። ራም ሲሆን ደግሞ «ጊቢ» ተብሎ ይጻፍ፤ ከሳቅን በኋላ እንለምደዋለን።

ለሲኒየር ፕሮጀክት ሠሪዎች፦ ሶፍትዌራችሁ የፋይል መጠን የሚያሳይ ከሆነ በ1024 አካፍላችሁ በ1000ው ስም አትጥሩት። በ1024 ካካፈላችሁ «አይ»ዋን ጨምሩ፣ ያለዚያ በ1000 አካፍሉ። የፋይል ገደብ የምታስቀምጡ ከሆነ ደግሞ ኮዱ የሚፈትሸውና መልእክቱ የሚናገረው አንድ ዓይነት መሆኑን እዩ። ከተቻለ «የእርስዎ ፋይል 5,100,000 ባይት ነው፤ የሚፈቀደው እስከ 5,000,000 ባይት ነው» በሉት። ባይት ላይ ክርክር የለም፤ ባይት ለሁሉም ባይት ነው።

ለፕሮጀክት ገምጋሚዎች፦ ስለ ዳታቤዙ ዲዛይን፣ ስለ ስክሪኑ ቀለም እንደምትጠይቁን ሁሉ «ይሄ ሜጋባይት የትኛው ነው?» የምትል አንዲት ጥያቄ ጨምሩ። መልሱ 10 ሰከንድ አይፈጅም። መልስ ያጣ ተማሪ ግን በሚቀጥለው ሶፍትዌሩ አይረሳውም።

ለሁላችንም ደግሞ፦ የሰፈር ሰው የኮምፒውተር ተማሪ ናቸው ብሎ ፍላሹን ይዞ ይመጣብናል። «ያው ሁሌም ይጎድላል» ብለን አንሸኘው። የተጻፈውን ጊጋ በ0.93 አባዝተን «ዊንዶውስ ላይ ወደዚህ ቢጠጋ ጤነኛ ነው፣ በጣም ከራቀ ግን ነጋዴውን ጠይቅ» እንበለው። ይህን ለመናገር ዲግሪ አያስፈልግም፤ ከእኛ ግን ይጠበቃል።

ነገ ተመርቀን የባንኩን፣ የሆስፒታሉን፣ የመሥሪያ ቤቱን ሶፍትዌር የምንሠራው እኛው ነን። የኛ ስክሪን የሚናገረውን ቁጥር አምኖ የሚወስን ሰው አለ። አበው «በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም» ይላሉ፤ እኛም በምንጽፈው ኮድ ሌላውን የምንሰፍርበት ቁና አንድ ቀን ማመልከቻ ስንልክ ወይም ፍላሽ ስንገዛ ዞሮ እኛኑ ይሰፍረናል። ቢያንስ በላዩ ላይ ስሙ በትክክል ይጻፍበት።

ቸር ይግጠመን።